በየወሩ ከካርድ የሚቆረጥ ክፍያ፦ ፈቃዱ፣ አሠራሩና የሰው ሐቅ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ እናስተምርበት በነበረ አንድ የቅዳሜና እሁድ የልጆች መድረሳ፣ የወር ክፍያ መሰብሰብ ፈተና ሆኖብን ነበር። አንዱ ወላጅ ይረሳል፣ ሌላው «በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ» ይላል፣ በጥሬው የተሰጠው ገንዘብም በማን እጅ እንደገባ ያከራክራል። በመጨረሻ ክፍያው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከወላጆች ካርድ 40 ዶላር በራሱ እንዲቆረጥ አደረግን። አልሐምዱሊላህ፣ ጭቅጭቁ ቀረ። እኛም ነገሩ አለቀ ብለን ረሳነው።

ከወራት በኋላ አንዲት እህታችን ወደ ሌላ ስቴት ሊዛወሩ መሆኑን ለኡስታዙ ነገረችው። ኡስታዙም «አላህ ያግራላችሁ» ብሎ መርቆ ሸኛቸው፤ የልጁንም ስም ከስም መጥሪያው ሰረዘ። በካርዷ ላይ የነበረውን ትዕዛዝ ግን ማንም አላቆመውም። ልጇ ላልተማረበት አምስት ወር 200 ዶላር ቆረጥንባት። እሷ ደግሞ አልደወለችም። «የመድረሳ ገንዘብ ነው፣ መልሱልኝ ማለት ነውር ነው» ብላ ዝም ማለቷን የሰማነው ከቀድሞ ጎረቤቷ ነው።

ያን ጊዜ የገባን ነገር ይህን ጽሑፍ አስጻፈን። ገንዘቡ በራሱ ቢቆረጥም ኃላፊነቱ በራሱ አይወረድም። በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያ ማለት አንድ ሰው ገንዘቡን በሌለበት እንድንወስድ የሰጠን ፈቃድ ነው። ይህ አማና ነው። አማናውን ለመጠበቅ ደግሞ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክፍያው እንዴት እንደሚጀመር፣ ሲከሽፍ ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚቆም በቅደም ተከተል እንመልከት።

ፔይመንት ጌትዌይ ምን ይሠራል?

ፔይመንት ጌትዌይ በከፋዩ ባንክና በተቀባዩ መካከል ሆኖ ክፍያን የሚያስተላልፍ አገልግሎት ነው። በስፋት ከሚታወቁት አንዱ በ2010 የተመሠረተው ስትራይፕ ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው እኛ ከሠራንበት ከዚሁ ነው፤ ሌሎቹም በዝርዝር ቢለያዩ አካሄዳቸው ተቀራራቢ ነው።

ወላጅ የካርዱን ቁጥር በክፍያ ገጹ ላይ ሲያስገባ ቁጥሩ ወደ መድረሳው መዝገብ አይመጣም። ጌትዌዩ ቁጥሩን በራሱ ዘንድ ያስቀምጥና ለመድረሳው «ቶክን» የሚባል ምትክ መለያ ይሰጠዋል። በየወሩ ክፍያው የሚጠየቀው በዚህ መለያ ነው። የካርድ ቁጥር የሚይዙ ተቋማት ሊያሟሉት የሚገባ ፒሲአይ ዲኤስኤስ የሚባል ዓለም አቀፍ የደኅንነት መስፈርት ከ2004 ጀምሮ አለ፤ ቶክን የተቋሙን ሸክም ከሚያቀሉት ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ የካርድ ፎቶ በዋትስአፕ ላኩልን ማለት፣ ወይም ቁጥሩን በደብተር መጻፍ፣ ይህን ጥበቃ በገዛ እጃችን ማፍረስ ነው።

በጌትዌዩ ውስጥ አራት ነገሮች ይመዘገባሉ። የመጀመሪያው ደንበኛው ነው፤ ስሙ፣ ኢሜይሉና ቶክኑ። ሁለተኛው ዋጋው ነው፤ ለምሳሌ በወር 40 ዶላር። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያገናኘው ሰብስክሪፕሽን ነው፤ ይህ ሰው ይህን ዋጋ ከዚህ ቀን ጀምሮ በየወሩ ይከፍላል የሚለው ትዕዛዝ። አራተኛው ኢንቮይስ ነው። ወሩ ሲደርስ ሥርዓቱ አዲስ ኢንቮይስ ያዘጋጃል፤ በስትራይፕ ለአንድ ሰዓት ያህል በረቂቅ ያቆየውና ካርዱን ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ የተማሪ ስም ከክፍል ዝርዝር መሰረዝ ከአራቱ አንዱንም አይነካም። የእኛ ስህተት የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ኡስታዙ የሚያየው መዝገብና ካርዱን የሚቆርጠው መዝገብ የተለያዩ ነበሩ።

አገልግሎቱ በነጻ አይደለም። በአሜሪካ የስትራይፕ መደበኛ የካርድ ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። ከ40 ዶላር ላይ 1 ዶላር ከ46 ሳንቲም ይሄዳል ማለት ነው፤ ለተደጋጋሚ ክፍያ አገልግሎቱ የሚጨመር ሌላ ትንሽ ክፍያም አለ። ያንኑ 40 ዶላር በየሳምንቱ 10 ዶላር አድርገን ብንሰበስበው ግን በእያንዳንዱ ላይ 59 ሳንቲም፣ በአራት ሳምንት 2 ዶላር ከ36 ሳንቲም ይሄዳል። ትንንሽ ክፍያን ማብዛት ወጪ እንደሚያበዛ ማወቅ ለኮሚቴዎች ይጠቅማል።

ጅማሬው፦ የታወቀ ፈቃድ

ዑለማዎች ስለ ገንዘብ ልውውጥ ሲያስተምሩ የሱረቱ ኒሳእን 29ኛ አንቀጽ ያነሳሉ፤ መሠረቱ መፈቃቀድ ነውና። ፈቃድ ደግሞ ትርጉም የሚኖረው የተፈቀደው ነገር ሲታወቅ ነው። መጠኑ ያልታወቀ፣ ጊዜው ያልተለየ ውል ወደ ገረር፣ ማለትም ወደ ማይታወቅ ነገር ሽያጭ ይጠጋል።

ስለዚህ ወላጅ ካርዱን ከማስገባቱ በፊት አምስት ነገሮች በግልጽ ሊጻፉለት ይገባል። ስንት ይቆረጣል? በየትኛው ቀን? እስከ መቼ? ለማቆም ለማን ይነገራል? ከቆመ በኋላ የተቆረጠ ገንዘብ ይመለሳል ወይ? ይህም በሚያነበው ቋንቋ መሆን አለበት። በአማርኛ የሚያነቡ እናትን በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ «እዚህ ጋ ይጫኑ» ማለት ጣታቸውን ማስነካት ነው፤ ፈቃዳቸውን መቀበል ሊባል ይከብዳል።

ሕግም ይህንኑ ይጠይቃል። በአሜሪካ በ2010 የወጣውና ሮስካ በመባል የሚታወቀው የፌዴራል ሕግ፣ በኢንተርኔት በተደጋጋሚ የሚያስከፍል ሻጭ ውሉን በግልጽ እንዲያሳውቅ፣ የደንበኛውን ግልጽ ስምምነት እንዲያገኝና ቀላል የማቋረጫ መንገድ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል። በአውሮፓ ደግሞ ከመስከረም 2019 ጀምሮ ተግባራዊ መሆን በጀመረው ደንብ መሠረት ከፋዩ የመጀመሪያውን ክፍያ በባንኩ በኩል፣ ለምሳሌ በስልክ በሚመጣ ኮድ፣ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ተከታዮቹ ክፍያዎች በዚያ ማረጋገጫ ሊያልፉ ይችላሉ፤ ባንኩ ግን አልፎ አልፎ እንደገና ሊጠይቅ ይችላል። ወላጅ መጀመሪያ ላይ ኮዱን ሳያስገባ ገጹን ከዘጋ ምዝገባው አይጸናም፤ በስትራይፕ 23 ሰዓት ጠብቆ ይወድቃል። «ተመዝግቤ ነበር» የሚል ወላጅ ሲያጋጥማችሁ ከመከራከር በፊት ይህን አጣሩ።

ቀኑም ቢሆን ግልጽ ይሁን። በ31 የጀመረ ሰብስክሪፕሽን 31 ቀን በሌለው ወር በመጨረሻው ቀን ይቆረጣል። ወላጅ ደመወዙ በ1 የሚገባ ከሆነ በ28 ወይም በ30 መቁረጥ ሒሳቡን ባዶ ሆኖ ማግኘት ነው። ቀኑን ወላጁ እንዲመርጥ ማድረግ ብዙ ችግር ያስቀራል።

ዋጋ መጨመርም አዲስ ፈቃድ ይፈልጋል። ከ40 ወደ 50 ዶላር መቀየር በጌትዌዩ ላይ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ወላጅ ግን የፈቀደው 40 ነው። አስቀድሞ ማሳወቅና የማይስማማው እንዲወጣ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ለውጡ በወር መሐል ከተደረገም ሥርዓቱ የቀሩትን ቀናት ልዩነት አስልቶ ሊያስከፍል ስለሚችል፣ አዲሱ ዋጋ ከሚቀጥለው ወር እንዲጀምር አድርጎ ማዘጋጀት ይሻላል።

መሐሉ፦ ካርዱ እምቢ ሲል

አንድ ወር የአንድ አባት ካርድ እምቢ አለ። ጌትዌዩ ሦስት ጊዜ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ላከ፤ አባትየው አላየውም። በአራተኛው ሳምንት ከእኛ አንዱ ልጁን በጓደኞቹ ፊት «አባትህ አልከፈለም» አለው። ልጁ ሁለት ሳምንት ቀረ። በኋላ ስናጣራ የአባትየው ካርድ ጠፍቶ ባንኩ በሌላ ቀይሮለት ኖሯል። ገንዘቡ ነበረ፤ ያልነበረው አዲሱ ቁጥር ነው።

ካርድ እምቢ የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው። ሒሳቡ ላይ ገንዘብ አለመኖሩ ጊዜያዊ ነው፤ ከቀናት በኋላ ሊሳካ ይችላል። ካርዱ ጠፍቷል ወይም ተሰርቋል ተብሎ ከተዘጋ ግን ደጋግሞ መሞከር ዋጋ የለውም፤ ወላጁ አዲስ ካርድ ማስገባት አለበት። ጌትዌዩ ለእያንዳንዱ ውድቀት ምክንያቱን ይጽፋል፤ ከመናገር በፊት ማንበብ የእኛ ድርሻ ነው። ቪዛና ማስተርካርድ የተቀየሩ ካርዶችን አዲስ ቁጥር በራሱ የሚያድስ አገልግሎት አላቸው፤ ሁሉም ባንክ ስለማይሳተፍበት ግን ሙሉ በሙሉ አይታመኑበት።

ድጋሚ ሙከራን በተመለከተ ስትራይፕ በነባሪነት የሚመክረው በሁለት ሳምንት ውስጥ እስከ ስምንት ጊዜ መሞከር ነው። ለአንድ ትልቅ ድርጅት ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለመድረሳ ግን ቁጥሩን መቀነስና ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ስልክ መደወል የተሻለ ነው። በተለይ ክፍያው ከካርድ ሳይሆን ኤሲኤች በሚባለው መንገድ በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ የሚወጣ ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል። ገንዘብ ሳይኖር በተጠየቀ ቁጥር ባንኩ ቤተሰቡን ቅጣት ሊያስከፍል ይችላል። የአሜሪካ ደንብም በገንዘብ እጥረት የተመለሰን የኤሲኤች ጥያቄ ከሁለት ጊዜ በላይ ደግሞ ማቅረብን አይፈቅድም።

ዘግይቶ ለከፈለ ወላጅ ቅጣት መጨመርስ? ዕዳው ስለዘገየ ብቻ ጭማሪ መጠየቅ ወደ ሪባ የሚያስገባ በር ስለሆነ ብዙ ዑለማዎች ይከለክሉታል። ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ ስለመስጠት የሚያስተምረው የሱረቱል በቀራህ 280ኛ አንቀጽም በዚህ ላይ መንገዱን ያሳየናል። ሙከራዎቹ ሁሉ ካልተሳኩ ሥርዓቱ ሰብስክሪፕሽኑን እንዲያቋርጠው፣ ያልተከፈለ ብሎ እንዲመዘግበው ወይም እንዳለ እንዲተወው መምረጥ ይቻላል። የልጁ ትምህርት ግን በማሽን ምርጫ ሊወሰን አይገባም። ያን ውሳኔ ሰው ይወስን፤ ከወላጁ ጋር ብቻ፣ በምስጢር።

ሁለቱ መዝገቦች እንዲነጋገሩ

የመድረሳው መዝገብና ጌትዌዩ የሚነጋገሩት «ዌብሁክ» በሚባል መልእክት ነው። ክፍያ ሲሳካ፣ ሲወድቅ ወይም ሰብስክሪፕሽን ሲቋረጥ ጌትዌዩ ወዲያው ወደ እኛ ሥርዓት መልእክት ይልካል። ሥርዓቱን የሚሠራላችሁ ባለሙያ ሦስት ነገር እንዲያረጋግጥ ጠይቁት። አንደኛ፣ ያው መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ። ሁለተኛ፣ መልእክቶች በተላኩበት ቅደም ተከተል ላይደርሱ ስለሚችሉ ሥርዓቱ ይህን እንዲያውቅ። ሦስተኛ፣ የክፍያ ጥያቄ ስንልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ደግመን ብንልከው ገንዘቡ ሁለቴ እንዳይቆረጥ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ልዩ መለያ ቁልፍ አብሮ እንዲላክ። ስትራይፕ ያንኑ ቁልፍ ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል እንጂ አዲስ ክፍያ አይቆርጥም።

ባለሙያ የሌለው መድረሳ ተስፋ አይቁረጥ። በወር አንድ ጊዜ የተማሪዎችን ዝርዝርና የከፋዮችን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸር በቂ ነው። የሚከፍል ሆኖ የማይማር አለ? የሚማር ሆኖ ክፍያው የቆመበት አለ? ይህን ሃያ ደቂቃ ብናደርገው ኖሮ የእህታችን ገንዘብ ለአምስት ወር በእኛ ዘንድ ባልቆየ ነበር።

ፍጻሜው፦ ማቋረጥና መመለስ

ማቋረጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወዲያውኑ ማቋረጥ ነው፤ ሁለተኛው የተከፈለበት ወር ሲያልቅ እንዲቆም ማድረግ ነው። ልጁ ወሩን ተምሮ የሚጨርስ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ማቋረጥ ብቻውን ቀድሞ የተወሰደውን ገንዘብ አይመልስም። መመለስ ራሱን የቻለ ሌላ ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙ ከተሰጠ በኋላም በካርዱ ላይ እስኪታይ ከ5 እስከ 10 የሥራ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ይህን ለወላጁ መንገር ከጥርጣሬ ያድናል። ጌትዌዩ መጀመሪያ የወሰደውን የአገልግሎት ክፍያ ለተቋሙ አይመልስም። እሱ የእኛ ኪሳራ ነው፤ በስህተታችን ከወላጅ ላይ አይቀነስም።

መድረሳው በክረምት ወይም በረመዷን የሚዘጋ ከሆነም ማቋረጥ ሳያስፈልግ ክፍያን ለጊዜው ማቆም ይቻላል። ሲያቆሙ ግን በመሐል የሚወጡት ኢንቮይሶች እንዲሰረዙ መምረጥን አትዘንጉ፤ ከተጠራቀሙ በኋላ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣሉ። ስትራይፕ ወላጁ ራሱ ካርዱን የሚቀይርበትና የሚያቋርጥበት ገጽም አለው። ይህን ገጽ ክፈቱላቸው። ለመውጣት ኡስታዝን ማስፈቀድ የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ነው።

መውጫው ከጠበበ ወላጅ ወደ ባንኩ ይሄዳል። «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ወይም «አቋርጬ ነበር» ሲል ባንኩ ገንዘቡን ከተቋሙ ያስመልሳል፤ ይህ ቻርጅባክ ይባላል። ጊዜው እንደ ምክንያቱ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ነው። በአሜሪካ ስትራይፕ ለእያንዳንዱ አቤቱታ ከተቋሙ 15 ዶላር ይወስዳል። በአውሮፓ ሴፓ በሚባለው ቀጥታ የባንክ ክፍያ ደግሞ ከፋዩ በስምንት ሳምንት ውስጥ ምክንያት ሳይጠየቅ ማስመለስ ይችላል። በባንክ መግለጫ ላይ የሚወጣው ስም ወላጆች የሚያውቁት የመድረሳው ስም እንዲሆን ማድረግ ብዙ አለመግባባትን ያስቀራል።

በሀገር ቤትስ?

በኢትዮጵያ የተመዘገበ ተቋም ስትራይፕን በቀጥታ መጠቀም አይችልም። እዚያ በ2021 በተጀመረው ቴሌብር፣ በሲቢኢ ብር፣ በ2023 በገባው ኤምፔሳ እንዲሁም እንደ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ ባሉ ጌትዌዮች ክፍያ ይሰበሰባል። በሞባይል ገንዘብ ላይ ግን ከፋዩ በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ክፍያ የምስጢር ቁጥሩን ያስገባል። ስለዚህ በሀገር ቤት የወር ክፍያ ማለት ብዙ ጊዜ በየወሩ ማስታወሻና የክፍያ ሊንክ መላክ ነው። በባንክ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ መስጠትም ይቻላል፤ ያኔም ቢሆን ማቆሙን ማስታወስ ግድ ነው። በየወሩ ቁጥር ማስገባት ያሰለቻል፣ መርሳትም ይበዛል። ነገር ግን ፈቃዱ በየወሩ ይታደሳል፤ ከፋዩ ሳያውቅ ገንዘቡ የሚወጣበት ዕድል ጠባብ ነው።

ለወላጆችም አንድ ቃል እናክል። የባንክ መግለጫችሁን በየወሩ እዩ። መድረሳ ስትለቁ በቃል ብቻ አትናገሩ፤ በጽሑፍ ላኩ፣ መቆሙን የሚያረጋግጥ መልስም ጠብቁ። ያላግባብ የተቆረጠ ገንዘብን መጠየቅ ነውር አይደለም። የሰብሳቢዎቹንም አኺራ ትጠብቁላቸዋላችሁ።

የእህታችንን ጉዳይ በምን ጨረስነው? ደውለን ዓፍው አልናት፤ 200 ዶላሩን በሙሉ መለስን። ጌትዌዩ ያልመለሰውን 7 ዶላር ከ30 ሳንቲም መድረሳው ቻለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በመድረሳው ሒሳብ ላይ ከእሷ 100 ዶላር ገብቶ አገኘን። ያልነገረችን ነገር ይኖራል ብለን ደግመን ደወልን። «ያኛው የወሰዳችሁት ነበር» አለችን። «ይሄኛው የሰጠሁት ነው።»

አላህ የሰው ሐቅ በእጃችን ሳይቀር እርሱን ከሚገናኙት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።